ዲመሬጅ የሚሉት ግብር፦ ማን ጣለው? ማን ይከፍለዋል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን በአገራችን ጉዳይ ስንነጋገር ነገሩን ከጫፉ ይዞ መጎተት ልማድ ሆኖብናል። ዘይት ተወደደ እንላለን። ማዳበሪያ ዘገየ እንላለን። መድኃኒት ከመደርደሪያ ጠፋ፣ የነዳጅ ሰልፉ ሰፈሩን ዞረው እንላለን። ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ ከባለሥልጣናቱ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወደብ አልባ ስለሆንን ነው።» ከኛ ከተቃዋሚዎቹ ወገን የሚሰማውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ «አሰብን አሳልፈው ስለሰጡብን ነው።» ገዢና ተቃዋሚ በአንድ ነገር ሲስማሙ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አላለኝም። ሁለቱም መልሶች ጥያቄውን ይዘጉታል እንጂ አይመልሱትምና።

እኔ ምሁር ነኝ አልልም። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እንጀራዬን የምጋግረው በመጋዘንና በጭነት ማስተላለፍ ሥራ ነው። አንድ ኮንቴይነር ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም፣ ሲቆም ደግሞ የቆመበትን ቀን ማን እንደሚከፍል ማወቅ የዕለት ሥራዬ ነው። ሙያው የራሱ ቃላት አሉት። የኛ ሹማምንት ቃላቱን በየስብሰባው ሲደረድሯቸው እሰማለሁ። ሎጀስቲክስ፣ ሰፕላይ ቼይን፣ መልቲሞዳል፣ ኮሪደር፣ ሀብ! ቃሉን ይጠሩታል፤ ቃሉ የሚጠይቃቸውን ጥያቄ ግን አይመልሱም። ስለዚህ ዛሬ ጥቂቶቹን አንድ በአንድ አንስቼ፣ ምን ማለት እንደሆኑና እነማንን እንደሚያስጠይቁ ለማሳየት እሞክራለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ታገሰኝ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ነው

ሎጀስቲክስ ማለት ዕቃን ካለበት ወደሚፈለግበት፣ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ሳይጎድልና ሳይበላሽ ማድረስ ነው። ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ መቁጠር፣ ማከፋፈል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ሰፕላይ ቼይን፣ የአቅርቦት ሰንሰለት የምንለው ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። ጥሬ ዕቃውን ከሚያመርተው እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ ድረስ ያሉትን ሻጮች፣ ባንኮች፣ መርከቦች፣ ጉምሩኮች፣ ሹፌሮችና ነጋዴዎች በሙሉ የሚያያይዝ ነው። ሰንሰለት የተባለው በከንቱ አይደለም። አሥር ቀለበት ቢኖረውና ዘጠኙ ብረት ቢሆኑ፣ አሥረኛው ክር ከሆነ ሰንሰለቱ ክር ነው።

ይህን የምጽፈው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ አሰብ የኛ ነበረች። ምጽዋም የኛ ነበረች። ዓለም አዝኖ እህል ላከ። እህሉ ግን አሰብ ላይ ተከመረ፤ መርከብ ተራ ጠበቀ፤ የሚያነሳው የጭነት መኪና አልበቃ አለ፤ የወሎ ሕዝብ ደግሞ በመንገድ ዳር ያልቅ ነበር። ወደብ ነበረን፤ ሰንሰለት ግን አልነበረንም። ይህን ሐቅ ያልመረመረ ሰው ስለ ወደብ ባይናገር እመርጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ቆጥረን እንምጣ። በ2016 በኤል ኒኞ ድርቅ ጊዜ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ተራ ሲጠብቁ ነበር። ወደቡ ሌላ፣ መንግሥቱ ሌላ፣ መፈክሩ ሌላ፤ በሽታው ግን ያው። እህሉ አለ፣ መርከቡ አለ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፤ መሐሉ ላይ ያለው ቀለበት ክር ነው።

ጊዜው የት ይሄዳል?

ሁለተኛው ቃል ሊድ ታይም ነው። ዕቃው ከታዘዘበት ቀን አንስቶ እጅ እስከገባበት ቀን ያለው ጊዜ ማለት ነው። በሙያችን የመጀመሪያው ትምህርት ይህን ጊዜ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻው መለካት ነው። እስቲ የአንድ አዲስ አበባ ያለ አስመጪን ዕቃ እንከተል።

በመጀመሪያ ባንክ ሄዶ ኤል ሲ መክፈት አለበት። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በነበረው አሠራር የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ወራት፣ ለአንዳንዱም ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ወረፋ እንኳ ወረፋ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር! ዘመድ ያለው ሲቀድም የኖረ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ከዚያ ዕቃው ይጫናል፤ በባሕር ሳምንታት ይጓዛል። ጅቡቲ ይራገፋል፤ መኪና ወይም ባቡር ይጠብቃል። በገላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር መንገድ ተጉዞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። እዚያ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን ይሞላል፤ ጉምሩክ ይፈትሻል፤ ስለ ዋጋው ክርክር ይነሳል፤ ከዚህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ከዚያኛው ማኅተም ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ነው መርካቶ የሚደርሰው።

አሁን ልጠይቅ። ከዚህ ሁሉ ቁራጭ ወደብ የራሳችን ባለመሆኑ ብቻ የሚመጣው የትኛው ነው? የባንኩ ወረፋ በጅቡቲ ምክንያት ነው? ሞጆ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው ወይስ የሰው አገር ነች? ማኅተሙን ይዞ ምሳ የሚወጣው ሹም የጅቡቲ ዜጋ ነው? ለወደብ አገልግሎት ለሰው አገር የምንከፍለው ገንዘብ ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ድንበር ማቋረጥም ጊዜና ወረቀት ይጨምራል። ግን ከሰንሰለቱ ብዙው ቀለበት ያለው በገዛ እጃችን ነው።

የዓለም ባንክ በ2016 ባወጣው የሎጀስቲክስ አፈጻጸም ሠንጠረዥ ኢትዮጵያ ከ160 አገሮች 126ኛ ነበረች። ይሁን፣ ወደብ የላትም እንበል። ኡጋንዳና ሩዋንዳስ ወደብ አላቸው? እነሱ በዚያው ሠንጠረዥ በ60ኛ ደረጃ አካባቢ ነበሩ። ሩዋንዳ በሞምባሳ በኩል ወደ ባሕር ለመድረስ ሁለት አገር የምታቋርጥ ናት! ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ዳርቻ ያላት ኤርትራስ? ከኛም በታች ነበረች። የኡጋንዳና የሩዋንዳ ምስጢሩ ሌላ አይደለም። ከ2014 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በጋራ የጉምሩክ ክልል አሠራር ቀረጡን ገና ዕቃው ሞምባሳ ሳለ እየጨረሱ፣ በየድንበሩ ደግሞ ደጋግሞ መፈተሽን ቀነሱ። ባሕር አልቆፈሩም፤ ወረቀት ቀነሱ።

ዲመሬጅ፦ የመቆም ቅጣት

ወደ አርእስቴ ልመለስ። ኮንቴይነር ወደብ ሲደርስ በነጻ የሚቀመጥባቸው የተወሰኑ ቀናት አሉ። ከዚያ ካለፈ በየቀኑ ይከፈልበታል፤ ይህ ዲመሬጅ ነው። ኮንቴይነሩ ከወደብ ከወጣ በኋላ ባዶው በጊዜው ካልተመለሰ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ፤ ዲቴንሽን ይባላል። አገር ቤት ሁለቱንም አንድ ላይ ዲመሬጅ ይሏቸዋል። ሦስተኛው የመጋዘን ወይም የተርሚናል ቦታ ኪራይ ነው። ሦስቱም የሚቆጥሩት በቀን ነው፤ ሦስቱም ሌሊት አይተኙም፤ በበዓል ቀንም አያርፉም።

ዲመሬጅ በመሠረቱ ክፉ ነገር አይደለም። ኮንቴይነርን እንደ መጋዘን ለሚጠቀም ሰነፍ ነጋዴ የተሠራ ልጓም ነው። ቅጣት ግን ትርጉም የሚኖረው ጥፋተኛው ሲቀጣ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሳይለቀቅለት ሰነዱ ባንክ የተያዘበት አስመጪ ምን አጠፋ? ሲስተም የለም ተብሎ ሦስት ቀን የተመለሰው ትራንዚተር ምን አጠፋ? አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ደብዳቤ ሲጠብቅ ቀኑን የሚቆጥረው በማን ላይ ነው?

ከዚህ የባሰም አለ። በ2011 የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ፣ የባሕርና ትራንዚት አገልግሎትና የደረቅ ወደቦች ድርጅት ተዋህደው አንድ ድርጅት ሆኑ። ስለዚህ ዕቃውን የሚያጓጉዘውም፣ ዕቃው የሚቆምበትን ደረቅ ወደብ የሚያስተዳድረውም፣ ዕቃው ሲቆም ኪራይ የሚሰበስበውም አንድ መንግሥታዊ ተቋም ሆነ። ዘግይቶ ባደረሰ ጊዜ ከሚከሰሰው ይልቅ፣ ዕቃው በዘገየ ቁጥር ገቢ የሚያገኝ አጓጓዥ በየትኛው አገር ነው ያለው? ነብርን የፍየል ጠባቂ አድርጎ፣ ፍየሎቹ ለምን አነሱ ብሎ ጉባኤ መጥራት ይሏችኋል ይህ ነው።

አንድ የማውቀውን ልንገራችሁ። እኔም እጄን ያስገባሁበት አንድ አነስተኛ የወገን ማኅበር ለአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ያገለገሉ ግን ደህና የሆኑ አልጋዎች፣ ተሽከርካሪ ወንበሮችና የማዋለጃ ዕቃዎች ሰብስቦ በአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ላከ። ሰነዱ የተሟላ ነበር፤ ሙያዬ ስለሆነ እያንዳንዱን ወረቀት አይቼዋለሁ። ዕቃው አገር ቤት ገባ። ከዚያ አንዱ ቢሮ የቀረጥ ነጻ ደብዳቤው ከሌላው ቢሮ ይምጣ አለ፤ ሌላው ቢሮ ደብዳቤው የሚጻፈው የመጀመሪያው ቢሮ ከጠየቀኝ ነው አለ። በዚህ መሐል ቀኑ ይቆጠራል። በመጨረሻ ዕቃው ሲለቀቅ የተከፈለው ቅጣት ለመርከቡ ከተከፈለው በልጦ ተገኘ። ያን ገንዘብ ያዋጡት በሆቴል አልጋ የሚያነጥፉና ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ናቸው። የትኛውም ቢሮ ግን አንዲት ሳንቲም አልተቀጣም። ይህ ግብር ካልሆነ ግብር ምንድን ነው?

ገዢው የማይመርጠው መርከብ

የዓለም የንግድ ምክር ቤት ከ1936 ጀምሮ ያወጣቸው፣ መጨረሻም በ2020 ያሻሻላቸው ኢንኮተርምስ የሚባሉ የውል ቃላት አሉ። ከመካከላቸው ሁለቱን አገር ቤት ያለ አስመጪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሲ አይ ኤፍ ሲባል ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን ከፍሎ እስከ መድረሻው ወደብ ይልካል። ኤፍ ኦ ቢ ሲባል ደግሞ የሻጩ ግዴታ ዕቃውን መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ሲጭን ያበቃል፤ መርከቡን የሚመርጠውም የሚከፍለውም ገዢው ነው።

ለረጅም ዓመታት የኛ አስመጪ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት በኤፍ ኦ ቢ እንዲገዛ፣ ዕቃውንም በአገሩ መርከብ እንዲያስጭን ሲታዘዝ ኖሯል። በሌላ መርከብ ለመጫን ከራሱ ከአገሩ የመርከብ ድርጅት የፈቃድ ወረቀት ማምጣት ነበረበት። የኤፍ ኦ ቢ ጥቅሙ ገዢው አማርጦ ርካሹንና ፈጣኑን መርከብ እንዲይዝ ነው። እኛ ዘንድ ግን ኃላፊነቱን ለገዢው አሸክመው ምርጫውን ወሰዱበት።

«የውጭ ምንዛሪ ለማዳን ነው» ይሉናል። ፍርድ መጉደል የለበትም፤ አስመጪው ኪራዩን በብር መክፈሉ ለእሱ ጥቅም ነበረው። የባንዲራችን መርከብ በባሕር ላይ መታየቱም ያኮራኛል፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የተገነባ ቅርስ ነው። ነገር ግን ኮንቴይነሩን በብዛት የሚያመጡት እነዚያ ባንዲራ ያለባቸው መርከቦች አይደሉም። ድርጅቱ ከውጭ የመርከብ ኩባንያዎች ቦታ እየተከራየ ነው የሚጭነው። ለእነዚያ ኩባንያዎች የሚከፈለው በብር ነው እንዴ? የዳነው ዶላር ስንት ነው፣ በዲመሬጅ የወጣውስ ዶላር ስንት ነው? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ለሕዝብ ይቅረቡ። ከዚያ በኋላ እንከራከር።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ቀረጥ የሚሰላው በሲ አይ ኤፍ ዋጋ፣ ማለትም ዕቃው፣ ኢንሹራንሱና የመርከብ ኪራዩ ተደምሮ ነው። እንግዲህ በአንድ ዕቃ ላይ ኪራዩ በ100 ብር ጨመረ እንበል። ቀረጡ 20 በመቶ ከሆነ 120 ብር ሆነ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር 138 ብር። ሱር ታክስ ያለበት ዕቃ ከሆነ በዚያ ላይ 10 በመቶ፤ 151 ብር ከ80 ሳንቲም። ሌላ ሌላውን ትቼዋለሁ። ነጋዴው ትርፉን የሚያሰላው ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ነው። መርከቡ ሲወደድ ሕዝቡ ይደኸያል፤ ግምጃ ቤቱ ግን ይሞላል። ችግሩን እንዲያስወግድ የምንጠብቀው አካል በችግሩ የሚያተርፍ ከሆነ ስንት ዘመን እንጠብቅ?

መልቲሞዳል፦ ጥሩ ቃል በክፉ እጅ

መልቲሞዳል ማለት ዕቃው በመርከብም፣ በባቡርም፣ በመኪናም ቢጓዝ በአንድ ውልና በአንድ ሰነድ፣ በአንድ አጓጓዥ ኃላፊነት ከመነሻው እስከ መድረሻው መጓዙ ነው። የዚህ አሠራር ነፍሱ ኃላፊነት ነው። ዕቃው ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ቢዘገይ አስመጪው አንድ በር ብቻ ያንኳኳል፤ «እኔ አይደለሁም፣ ባቡሩ ነው፣ መኪናው ነው» የሚል ሰበብ የለም። እኛም አዋጅ ቁጥር 548/2007ን አውጥተናል። በወረቀት ላይ ሸጋ አዋጅ ነው።

በተግባር ምን ሆነ? አሠራሩ በ2011 እና በ2012 በግዴታ ሲጀመር ብቸኛው አጓጓዥ ያው መንግሥታዊ ድርጅት ነበር። ኮንቴይነሮች በብዙ ሺህ ሞጆ ላይ ተከመሩ። ኃላፊነቱን የወሰደ አልነበረም፤ ኃላፊነት የሚኖረው ደንበኛው ተነስቶ ወደ ሌላ መሄድ ሲችል ነውና። ይህን ለማየት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው። በ2018 የውጭ ባለሀብቶች እስከ 49 በመቶ ድርሻ ይዘው በአንዳንድ የሎጀስቲክስ ሥራዎች እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ለጥቂት ሌሎች ድርጅቶች የመልቲሞዳል ፈቃድ ተሰጠ። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ያስፈልጋል። ግን በጠባብ በር የተለቀቀ ውድድር እንዳይሆን እፈራለሁ። አዲሶቹም ገቢዎች ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት በቀድሞው ተፎካካሪያቸው ደረቅ ወደብ ከሆነ ውድድሩ የት ላይ ነው?

«መንግሥት ነጋዴ መሆን የለበትም» ብዬ የምጮህ ሰው እንዳልሆንኩ አንባቢ ይወቅልኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመንግሥት ነው። ከሆለታና ከዝዋይ የተቆረጠች ጽጌረዳ ሳትጠወልግ በሰዓታት ውስጥ አውሮፓ ገብታ ሆላንድ ገበያ ላይ ትቀርባለች። ከእርሻው ማቀዝቀዣ እስከ አውሮፕላኑ ሆድ ድረስ ቅዝቃዜው የማይቋረጥበት አሠራር ኮልድ ቼይን ይባላል፤ የኛው ልጆች ይሠሩታል። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ለአፍሪካ አገሮች የሕክምና ዕቃ ሲከፋፈል ቦሌ ማዕከል ነበረች። ስለዚህ «ሐበሻ ሥራ አይችልም» የሚለውን የሽንፈት ወሬ አልቀበልም። ልዩነቱ ሌላ ነው። አየር መንገዱ የሚወዳደረው ከዓለም ጋር ነው፤ ደንበኛው ቢከፋው ሌላ አውሮፕላን አለለት። የሞጆው ደንበኛ ግን የት ይሂድ? አበባው የሚጠብቀው ሆላንዳዊ ገዢ ስላለው ሌት ተቀን ይሮጥለታል፤ የገበሬው ማዳበሪያ ግን ገበሬው ሌላ የት ይሄዳል ተብሎ ይቆማል።

ሰኔ ቀጠሮ አይለውጥም

ማዳበሪያን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በሙያችን ሴፍቲ ስቶክ የሚባል አለ፤ መርከብ ቢዘገይ፣ መንገድ ቢዘጋ እንኳ ሥራ እንዳይቆም አስቀድሞ የሚያዝ መጠባበቂያ ክምችት ነው። የጃፓኑ ቶዮታ የሚታወቅበት ጀስት ኢን ታይም የሚባልም አለ፤ ክምችት ሳያበዙ ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት ልክ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የሚሠራው መንገዱና ሰዓቱ አስተማማኝ ለሆነለት ነው። መንገዱ አስተማማኝ ያልሆነ አገር መጠባበቂያ ይይዛል። እኛ ሁለቱንም አልያዝንም፤ ክምችቱም የለ፣ ሰዓቱም የለ።

የማዳበሪያ ቀን ደግሞ የሚታወቅ ነው። ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባለው ከዘሩ ጋር ይገባል፤ ዩሪያው ቡቃያው አድጎ ይጨመራል። የመኸር ዝናብ ሰኔ ይገባል። ይህን ለማወቅ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ የሰባት ዓመት እረኛ ያውቀዋል። ስለዚህ ዕቅዱ ከሰኔ ወደ ኋላ መቆጠር ነበረበት። ከገበሬው ቀበሌ ወደ ዩኒየኑ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ወደ መርከቡ፣ ከመርከቡ ወደ ጨረታው፣ ከጨረታው ወደ ዶላሩ። ጨረታው በዘገየ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው ጨረታውን ያዘገየው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ እስከ መውጣት ደረሱ። አንድ ወር የዘገየ የመኪና መለዋወጫ ገንዘብ ያሳጣል። አንድ ወር የዘገየ ማዳበሪያ ግን ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይሄዳል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ስንዴ ልመና ይላካል።

የልመናው ስንዴም ቢሆን ቆጣሪ ይፈልጋል። ዕቃ በሄደበት ሁሉ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለ መከታተል መቻል በሙያችን ግዴታ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለተራበው ሳይሆን ለሌላ እየዋለ ነው ብለው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ወራት ፈጀ። የሰረቀውና ያሰረቀው ሲበላ፣ ቅጣቱን በባዶ ሆዱ የከፈለው ያው ተረጂው ሆነ። እንደገና ዲመሬጅ! ያጠፋ አይከፍልም፤ ያላጠፋ ይከፍላል።

ባዶ የሚወርድ መኪናና ሹፌሩ

የምናስገባው ከምናወጣው ብዙ እጥፍ ስለሆነ አብዛኛው ተሳቢ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባዶውን ወይም ከነባዶ ኮንቴይነሩ ነው። የመመለሻ ጭነት የሌለው መኪና የሁለቱን መንገድ ነዳጅ በአንዱ መንገድ ጭነት ላይ ይጭናል። መፍትሔው የሚወጣ ምርት ማብዛትና ጭነትን ከመኪና ጋር በወቅቱ ማገናኘት ነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ የንግድ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ትልቅ ተስፋ ነበር። ሆኖም ባቡሩ ከገባ በኋላም አብዛኛው ጭነት በመኪና መጓዙን አላቆመም። ሐዲድ ብቻውን ሰንሰለት አይሆንም፤ ጫኚው፣ መጋዘኑ፣ ኃይሉና ጥበቃው አብረው ካልተሳሰሩ በብድር የተዘረጋ ብረት ነው።

ስለ ሹፌሮቻችን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ባለፉት ዓመታት በኦሮሚያና በአማራ ክልል መንገዶች ላይ ሹፌሮች ታግተው ቤዛ ተጠይቆባቸዋል፤ ተገድለዋል፤ መኪናቸው ተቃጥሏል። በየኬላው ገመድ ዘርግቶ ገንዘብ የሚቀበለው ታጣቂ ደግሞ የራሱን ዲመሬጅ ይቆርጣል። በቢሮ ውስጥ ሃያ ገጽ ስትራቴጂ ቢጻፍ፣ መሪውን የጨበጠው ሰው ማታ ቤቱ ለመግባቱ ዋስትና ከሌለው ስትራቴጂው ወረቀት ነው። እዚህ እኔ በምሠራበት አገር ሹፌር ስንት ሰዓት ነድቶ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ሕግ አለው። የኛው ሹፌር የሚጸልየው ለማረፍ ሳይሆን ለመትረፍ ነው።

ወደቡ ቢገኝስ?

አሁን ወደ ትልቁ ከበሮ ልምጣ። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከላይ እስከ ታች የቀይ ባሕር ነገር ሲዘመር ሰንብቷል። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ አገር ምድሩ ተናወጠ፤ በዲሴምበር አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ቀደም ሲል በ2018 ከበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ ተጨብጭቦ ነበር፤ በ2022 ደግሞ ሶማሊላንዶች ኢትዮጵያ ግዴታዋን ስላልፈጸመች ድርሻው ቀርቷል አሉ። ያጨበጨቡት ሰዎች ስለ መቅረቱ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ባሕር አያስፈልገንም የሚል ጅል አይደለሁም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ በር ብቻ መግባትና መውጣቱ አደጋ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ በአንድ ጀምበር ተዘግታ ፊታችንን ወደ ጅቡቲ ማዞራችን ምስክር ነው። በ2021 አንድ መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ ለስድስት ቀን ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮም የሁቲዎች ጥቃት መርከቦችን በደቡብ አፍሪካ ዞረው እንዲሄዱ ሲያስገድድ የአንድ በር ጉዳት ታይቷል። በር ማብዛት ብልህነት ነው። በውል፣ በሰላም፣ በጋራ ጥቅም ይብዛ።

የምለው ግን ይህ ነው። ነገ አሰብ ያለ አንድ ጥይት ብትከፈትልን፣ ያው ባንክ፣ ያው ጉምሩክ፣ ያው ሞጆ፣ ያው ኬላ ነው የሚጠብቃት። ያን ጊዜ ዲመሬጁን በአሰብ እንከፍላለን። በገዛ እጁ ያለውን ደረቅ ወደብ በወጉ ማስተዳደር ያቃተው ሥርዓት ስለ እርጥቡ ወደብ የድሃ ልጅ እንዲሞትለት የመጠየቅ ሞራል የለውም! እኛም በውጭ የምንገኝ፣ በየአዳራሹ «አሰብ! አሰብ!» ስንል ሞጆን የምናስታውሳት መቼ ነው?

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

ተቃውሞ ማለት መርገም ብቻ ከሆነ ገዢዎቹ ለምደውታል፤ አያሳክካቸውም። የሚያስጨንቃቸው ቁጥር ያለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ አንድ ኮንቴይነር ጅቡቲና ሞጆ ላይ በአማካይ ስንት ቀን እንደሚቆም በየወሩ ለሕዝብ ይነገር። በያንዳንዱ ቀን ጥፋቱ የማን እንደሆነም ይለይ፤ የባንክ፣ የጉምሩክ፣ የአጓጓዡ ወይስ የአስመጪው?

ሁለተኛ፣ አገሪቱ በዓመት በዲመሬጅና በዲቴንሽን የምትከፍለው የውጭ ምንዛሪ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ መሥሪያ ቤት ባዘገየው ዕቃ ላይ ቅጣቱን መሥሪያ ቤቱ ይክፈል። ይህ አንድ ደንብ ብቻ ቢወጣ ስንት ማኅተም በአንድ ቀን እንደሚመታ ታያላችሁ።

አራተኛ፣ ደረቅ ወደብ አስተዳዳሪውና አጓጓዡ ይለያዩ።

አምስተኛ፣ የማዳበሪያ ግዢ ከሰኔ ወደ ኋላ በሚቆጠር የቀን ሠሌዳ ይመራ፤ ሠሌዳው አስቀድሞ ይታተም፤ ያፈረሰውም በስሙ ይጠየቅ።

ስድስተኛ፣ የሹፌሮች ደህንነት ከማንኛውም ኮሪደር በፊት ይቅደም።

ወገኖቼ፣ ይህ የነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየወሩ ለእናቶቻችን የምንልካት ሁለት መቶ ዶላር ዘይትና ስኳር ስትገዛ፣ ከውስጧ ሞጆ ላይ የቆመው ኮንቴይነር ቀን ይቆረጥላታል። ደረሰኝ አይሰጡንም እንጂ ሁላችንም ግብር ከፋዮች ነን። ግብር የሚከፍል ደግሞ ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ወደምንኖርበት ከተማ መጥቶ ስለ ሎጀስቲክስ ሀብ ሲያወራልን ከማጨብጨባችንም፣ ከመሳደባችንም በፊት እጃችንን አውጥተን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው፤ «ጌታዬ፣ ኮንቴይነሩ ስንት ቀን ቆመ? ማንስ ከፈለ?»

ቸር ያሰማን።